የድርጭትና የጅግራ በሽታ አያያዝ፦ ከጉዝጓዝ እስከ መድኃኒት ልኬት

በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኙት አብዛኞቹ የአእዋፍ መድኃኒቶች መለያቸው የተጻፈው ለዶሮ ነው። ድርጭት ወይም ጅግራ የሚያረባ ሰው ያንኑ ማሸጊያ ይገዛል፤ «ለ1 ሊትር ውኃ ይህን ያህል ግራም» የሚለውን አንብቦ በጥብጦ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። 1.8 ኪሎ የምትመዝን እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውኃ ትጠጣለች። 150 ግራም የምትመዝን ድርጭት ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ይህ ወደ ኪሎ ሲመለስ ለዶሮዋ 140፣ ለድርጭቷ 265 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በአንድ ባልዲ የተበጠበጠ መድኃኒት ለሁለቱም ቢቀርብ ድርጭቷ በክብደቷ ልክ ሁለት እጥፍ ያህል ትወስዳለች። ስለዚህ ከማከም በፊት ወፎቹን መመዘንና የሚጠጡትን ውኃ መለካት ግድ ነው። ከዚያም በፊት በሽታውን መለየት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በሽታው የሚራባበትን እርጥበት ማጥፋት ያስፈልጋል።

መመሪያው በእርባታ ለሚያድጉ የጃፓን ድርጭቶችና ለጅግራ የተጻፈ ነው። ከዱር የተያዘ ጅግራ ወይም ቆቅ ከእርባታ ወፍ ጋር አይቀላቀልም። ከዱር መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ከመሆኑም ሌላ፣ የዱር ወፍ ትልና ቅማል ይዞ ይመጣል፤ በጭንቀት ላይ ስለሆነም የያዘውን በሽታ አብዝቶ ይረጫል።

ከመድኃኒት በፊት፦ ሙቀት፣ ጉዝጓዝ፣ ውኃ

ከእንቁላል የወጣች የድርጭት ጫጩት 7 ወይም 8 ግራም ብትመዝን ነው። ይህችን የምታህል ፍጥረት ሙቀቷን ራሷ መጠበቅ አትችልም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ከየትኛውም ተዋስያን በፊት ይገድላታል።

1. ጫጩቶቹ ከመግባታቸው አንድ ቀን በፊት ማሳደጊያውን ያሙቁ። ቴርሞሜትሩን በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ያድርጉ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የሚያነበው የሰውን ሙቀት እንጂ የእነሱን አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት 35 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሱ። ድርጭት በ4 ሳምንት ገደማ ላባዋ ይሟላል፤ የጅግራ ጫጩት እስከ 6 ሳምንት ሙቀት ሊፈልግ ይችላል።

2. ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን ይመኑ። መብራቱ ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ግድግዳ ተጠግተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተከማቹ ንፋስ ይገባል። ተበትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ልኩ ነው። በከሰል የሚያሞቁ ከሆነ አየር መውጫ ሳይተዉ አይዝጉ፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ባይኖረውም ጫጩቶቹንም እርስዎንም ይገድላል።

3. በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣ ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ወረቀት አያንጥፉ፤ እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል። ሸካራ ጨርቅ ወይም ሸካራ ካርቶን ይሻላል። ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ መኖ ከጉዝጓዝ መለየት ሲችሉ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ያንጥፉ። ደቃቅ ሰጋቱራ ይሰለቀጣል፣ አቧራውም ሳንባ ይጎዳል። የጤፍ ገለባ ደረቅና ሻጋታ ያልነካው ከሆነ ያገለግላል፤ ትንሽ እንኳ የሻገተ ከሸተተ ግን ወደ ቤቱ አያስገቡት።

4. መጠጫው ውስጥ ለመጀመሪያው ሳምንት ንጹሕ ጠጠር ወይም ብይ ይደርድሩ። የድርጭት ጫጩት አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ትሰጥማለች። መጠጫውን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው በወንፊት ሽቦ ላይ ያስቀምጡ፤ የሚፈስሰው ውኃ ጉዝጓዙን አያርስም፣ ኩስም መጠጫው ውስጥ አይገባም።

5. በመጠጫው ዙሪያ የራሰውን ጉዝጓዝ በየቀኑ አንሥተው በደረቅ ይተኩ። አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨምቀው እጅዎን ሲከፍቱ እንደ ኳስ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ከተበተነ ደህና ነው። ጎንበስ ብለው በወፎቹ ራስ ከፍታ ይተንፍሱ፤ ዓይንዎን ካቃጠለው እነሱ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ አየር ውስጥ አድረዋል ማለት ነው።

ድርጭት ከ3 ሳምንት ጀምሮ ወለሉ ሽቦ በሆነ ጎጆ ብትያዝ፣ ኩሷ ወደ ታች ስለሚወድቅ ከኩስ በሚተላለፉ በሽታዎች ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ጅግራ ግን በሽቦ ላይ አትመችም፤ መሬት ትፈልጋለች። በዚህም ምክንያት ትልና ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያቆስል፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ) ከድርጭት ይልቅ የጅግራ ጣጣ ናቸው።

ሌላም አንድ ሕግ አለ፦ ዶሮ፣ ድርጭትና ጅግራ በአንድ ግቢ ቢኖሩም በአንድ ቤት አይኑሩ። ዶሮ ራሷ ሳትታመም በአንጀቷ ትናንሽ ትሎች እንቁላል ውስጥ የጥቁር ራስ በሽታን (ዕውር አንጀትንና ጉበትን የሚያቆስል በሽታ) ጥገኛ ተሸክማ ትኖራለች። ያ የትል እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ትናንት ዶሮ የነበረበት መሬት ዛሬ ለጅግራ ጫጩት አይሰጥም።

ጠዋት ጠዋት የሚታይ

መኖ ከመሙላትዎ በፊት ለሁለት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ። ድርጭት የታመመች መሆኗን ትደብቃለች፤ ሰው ሲቀርባት ጤነኛ ትመስላለች፣ ሰው ሲርቃት ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ከርቀት ይዩ።

ቀጥሎ ትናንት ያቀረቡትን ውኃና የተረፈውን ለክተው ልዩነቱን ይጻፉ። በሽታ ሲጀምር ከሞት በፊት የሚለወጠው የውኃ ፍጆታ ነው። ያለ ምክንያት ከወትሮው በሩብ ከቀነሰ ያን ቀን ወፎቹን አንድ በአንድ ይያዙ፤ ደረታቸውን፣ ዓይናቸውንና የፊንጢጣቸውን ዙሪያ ይመርምሩ።

ኩስ ማንበብ ይልመዱ። ጤነኛ ኩስ ጠጠር ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ቆብ አለው። አልፎ አልፎ የምታዩት ቡናማ፣ የሚለጠፍና የሚሸት ኩስ ከዕውር አንጀት የሚወጣ ነው፤ በሽታ አይደለም። ብዙ መድኃኒት በዚህ ምክንያት ብቻ በከንቱ ይባክናል። ደም የተቀላቀለ ወይም ብርቱካንማ ዝልግልግ ያለበት ኩስ ኮክሲዲያን ያስጠረጥራል። ነጭና ውኃማ ከሆነ የአንጀት ቁስለት ወይም ሌላ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ውኃማ ከሆነና አንገት የሚጠመዘዝ፣ ክንፍ የሚንጠለጠል፣ ትንፋሽ የሚያጥር ወፍ ካለ ፈንግልን ያስቡ። ኩሱ ቢለወጥ እንኳ ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም፤ ወደ ባለሙያ የሚወስድ ምልክት ነው።

ኮክሲዲያ፦ በዝርዝር

ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ይህ ነው። የኮክሲዲያ እንቁላል ከኩስ ሲወጣ ወዲያው አይበክልም። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ይበስላል፤ ጫጩቷ ለቅማ ከዋጠችው በኋላ የአንጀት ግድግዳዋን እየሰነጠቀ ይባዛል፤ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ በብዙ ሺህ ተባዝቶ እንደገና ይወጣል። የራሰ ጉዝጓዝ በየቀኑ ይነሣ የተባለው ለዚህ ነው፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ እንቁላሉ ሳይበስል ይቀራል። የዶሮ ኮክሲዲያ ድርጭትን፣ የድርጭቱም ጅግራን አይዝም፤ እያንዳንዱ የራሱ ዓይነት አለው። በሽታው ከራሱ ቤት ነው የሚነሣው።

በረኪና አይገድለውም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። በረኪና ባክቴሪያና ቫይረስ ያጠፋል፣ የኮክሲዲያ እንቁላልን ቅርፊት ግን አያልፍም። የሚገድለው ድርቀትና ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ነው፦ የፈላ ውኃ፣ የጋዝ ችቦ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ረጅም ፀሐይ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከተለያየ ቦታ አዲስ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ሰብስበው በዚያው ቀን ማይክሮስኮፕ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱ። ጥቂት እንቁላል መገኘቱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ማንኛውም ጤነኛ ወፍ ጥቂት አለው። ብዙ እንቁላል ሲኖር፣ ከዚያም ጋር የተነፋ ላባ፣ የቀነሰ መኖና የአንጀት ጉዳት ሲታይ ነው የሚታከመው።

ሕክምናው በአብዛኛው በአምፕሮሊየም ይጀምራል። 20 በመቶ የሆነው ዱቄት በሰፊው ይሸጣል።

ቀላል በሆነ ሁኔታ ለ1 ሊትር ውኃ 0.6 ግራም ዱቄት፣ ሞት ከጀመረ ደግሞ 1.2 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ያለማቋረጥ። ከዚያ በሊትር 0.3 ግራም ለ1 ወይም 2 ሳምንት ይቀጥላል። የያዙት 9.6 በመቶ የሆነው ፈሳሽ ከሆነ 1.2 ግራሙን የሚተካው 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። በነዚህ ቀናት ሌላ ውኃ መኖር የለበትም፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ካለ እንኳ ይዝጉት፣ ንጹሑን ፈልገው ይጠጣሉና።

አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን በመምሰል ነው፤ ጥገኛው ቫይታሚን መስሎት ይወስደውና ይራባል። ስለዚህ በሕክምናው ቀናት «ወፎቹ ደክመዋል» ብለው የቫይታሚን ቢ ዱቄት አብረው ቢጨምሩ መድኃኒቱን በገዛ እጅዎ ያከሽፉታል። ቫይታሚን የሚሰጠው ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው። በተቃራኒው መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ከተራዘመ የቢ1 እጥረት ይመጣል፦ እግር ይዝላል፣ ራስ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ይህን አይተው በሽታው ተባብሷል ብለው መጠኑን የሚጨምሩ አሉ፤ ያኔ ሞቱ ከመድኃኒቱ ይመጣል።

ደም ከታየና ሞት ከፈጠነ ቶልትራዙሪል 2.5 በመቶ ይሻላል። የሚፈለገው በኪሎ ክብደት በቀን 7 ሚሊ ግራም፣ ለ2 ተከታታይ ቀናት ነው፤ በሊትር 1 ሚሊ ሊትር ለ48 ሰዓት ሲቀርብ እዚያው ይደርሳል። እንቁላላቸው ለሚበላ ወፎች አይሰጥም። ድርጭት በ6 ሳምንት ገደማ መጣል ስለምትጀምር፣ ይህን መድኃኒት በ5ኛ ሳምንት መስጠት ማለት የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች መበከል ማለት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ሳያማክሩ ከ3 ሳምንት በላይ ላሉ ድርጭቶች አይጀምሩት።

መድኃኒቱ በተጀመረ በ1ኛውና በ3ኛው ቀን ጉዝጓዙን ይለውጡ። ይህ ካልተደረገ የታከሙት ወፎች ከወለሉ እንደገና ይለቅማሉ፤ ከ10 ቀን በኋላም «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል።

ልኬት፦ በክብደት ማስላት

ከላይ ያሉት ሁለቱ መድኃኒቶች በሊትር የተጻፉት ብዙ ለሚጠጡ ጫጩቶች ታስቦ ስለሆነ ለድርጭትም ይስማማሉ። ለትል መድኃኒትና ለፀረ-ባክቴሪያ ግን በሊትር የተጻፈውን ይተዉና በኪሎ ያስሉ።

በመጀመሪያ ከመንጋው 20 ወፍ ከተለያየ ጥግ ይያዙና በከረጢት አድርገው አብረው ይመዝኑ፤ ለ20 ያካፍሉ። ትልልቆቹን ብቻ መምረጥ ቀላል ነው፣ እጅ የሚገቡት እነሱ ናቸውና፤ እንዳይሳሳቱ። አማካዩን በወፎቹ ብዛት ያባዙ።

ምሳሌ፦ 200 ድርጭት፣ አማካይ ክብደት 150 ግራም፤ ጠቅላላ 30 ኪሎ። የሚሰጠው ሌቫሚሶል ነው እንበል፣ ለትል፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ። 30 በ20 ሲባዛ 600 ሚሊ ግራም ንጥረ መድኃኒት ይሆናል። የያዙት ዱቄት 10 በመቶ ከሆነ በ1 ግራም ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ስላለ 6 ግራም ዱቄት ይመዝናሉ። ዱቄቱ 20 በመቶ ከሆነ 3 ግራም ብቻ ነው። መቶኛውን ሳያዩ የጎረቤትን መጠን መቅዳት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ውኃው። መንጋው በቀን 8 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ መድኃኒቱን በ8 ሊትር አይበጥብጡ። ከ2 እስከ 3 ሊትር ባለው ውስጥ በጥብጠው፣ ጠዋት መጠጫውን ለ1 ሰዓት ካነሡ በኋላ ያቅርቡ፤ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ካለቀ በኋላ ንጹሕ ውኃ ይመልሱ። መጠጫው ቢያንስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ የሚደርሱበት ካልሆነ ጉልበተኞቹ ሁለት እጥፍ ይጠጣሉ፣ የታመሙት ምንም አያገኙም። ጨርሶ የማይጠጣውን ለይተው በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በመንቁሩ ጎን ጠብታ በጠብታ ይስጡ።

የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ዱቄት ቀላል፣ ሌላው ከባድ ነው። 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። ያለዎት 1 ግራም ብቻ የሚያነብ ከሆነ 10 ግራም መዝነው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይፍቱ፤ አሁን እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ይዟል፣ በሲሪንጅ መለካት ይቻላል። የተበጠበጠ መድኃኒት ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ የብረት ዕቃም አይጠቀሙ።

ፈንግልና ክትባት

ፈንግል መድኃኒት የለውም። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ በባልዲ መበጥበጥ ቫይረሱን አይነካውም። ጥቅሙ ቢኖር ተደርቦ የሚመጣን ባክቴሪያ መያዝ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ገንዘብ ያባክናል፣ ባክቴሪያዎችንም ያለማምዳል። ድርጭት በፈንግል እንደ ዶሮ በጅምላ ላትረግፍ ትችላለች፤ ነገር ግን ቫይረሱን ለጎረቤት ዶሮ ታስተላልፋለች። ስለዚህ ድርጭት ብቻ ቢያረቡም ይከትቡ።

ክትባቱ በአገር ውስጥ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ይመረታል። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ኤች ቢ 1 የተባለው ክትባት በዓይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ላይ ላሶታ የተባለው በውኃ ነው። ማቀዝቀዣ ለማይዘልቅበት ገጠር ደግሞ ሙቀት የሚችለው አይ 2 የተባለው በዓይን ጠብታ ተሰጥቶ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል።

ክትባት በክብደት አይሰላም። ለትንሿም ለትልቋም አንድ ወፍ አንድ ሙሉ መጠን ነው፤ ቫይረሱ ሕያው ስለሆነ ራሱ ይባዛል። «ድርጭት ትንሽ ናት» ብሎ የ100 ዶሮን ብልቃጥ ለ300 ድርጭት ማካፈል መንጋውን ያለ መከላከያ ይተወዋል።

በውኃ ሲሰጥ፦

1. ከ2 ቀን በፊት ጀምሮ በውኃው ውስጥ ክሎሪን፣ በረኪና ወይም ሌላ ፀረ-ተዋስያን አይኑር። የቧንቧ ውኃ ከሆነ በሰፊ ዕቃ ገልጠው ያሳድሩት፤ የጉድጓድ ውኃ ይሻላል። መጠጫዎችን ያለ ሳሙና ይጠቡ።
2. ለ1 ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ጨምረው 20 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወተቱ የተረፈውን ክሎሪን ያከሽፋል።
3. ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ውኃ ለ1 ወይም 2 ሰዓት ያንሡባቸው። ቆላ ከሆነ 1 ሰዓት ይበቃል።
4. ብልቃጡን ከበረዶ ሳጥን አውጥተው ክዳኑን ውኃ ውስጥ አስገብተው ይክፈቱ፣ ያማስሉ። ከቀን ፍጆታቸው አንድ አራተኛ ገደማ በሆነ ውኃ ይስጡ፤ በ1 ወይም 2 ሰዓት ማለቅ አለበት።
5. ከዚያ በኋላ ላለው 1 ቀን ፀረ-ተዋስያን ወደ ውኃ አይመለስ።

የታመመ ወይም የተጓጓዘ መንጋ አይከተብም። ክትባቱ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ዓይን ያቀላል፤ መነጽር ያድርጉ፣ እጅዎን ይታጠቡ።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

የአንጀት ቁስለት በድርጭት ላይ ድንገት ይመጣል፤ ወፍራምና ምግብ የበላች ወፍ ሞታ ትገኛለች፣ ኩስ ነጭና ውኃማ ይሆናል። ሲከፈት አንጀቱ ላይ የጉድጓድ ቅርጽ ያላቸው ቁስሎች፣ ጉበቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ኮክሲዲያ ያቆሰለውን አንጀት ተከትሎ ይገባል፤ የባክቴሪያ በሽታ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ፀረ-ባክቴሪያ ይታከማል። የኮክሲዲያ መድኃኒት ብቻ ሰጥተው ሞቱ ካልቆመ ይህን ይጠርጥሩ።

የሳንባ ሻጋታ፦ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ቁና ቁና ሲተነፍሱ፣ ሳንባቸውም ላይ ቢጫ ፍሬዎች ሲታዩ ምንጩ የሻገተ ገለባ፣ የሻገተ በቆሎ ወይም ያልጸዳ መፈልፈያ ነው። መድኃኒት አይጠብቁ፤ ምንጩን ያውጡ። የሻገተ የለውዝ ፋጉሎና በቆሎ ደግሞ የሻጋታ መርዝ ይይዛሉ፤ ይህን መርዝ ድርጭት ከዶሮ ያነሰ ነው የምትቋቋመው። መኖ ርካሽ የሆነው ሻግቶ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

የአየር ቧንቧ ትል በመሬት ላይ የምትውል ጅግራን ይይዛል። አንገቷን ዘርግታ ታዛጋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ታስነጥሳለች። የሞተች ካለች የአየር ቧንቧዋን በቁመቱ ይክፈቱ፤ ቀያይ ክር የመሰሉ ትሎች ይታያሉ። ትሉ በመሬት ትል ውስጥ ሆኖ ለዓመታት ስለሚቆይ ከዝናብ በኋላ ይበዛል። ሌቫሚሶል ይሠራል። ፒፐራዚን ግን ለትልቁ የአንጀት ትል እንጂ ለዚህ አይሆንም። ካከሙ በኋላ ወደዚያው መሬት መመለስ ልፋቱን ይሽረዋል፤ ሜዳውን በፈረቃ ይጠቀሙ።

አብረው የማይሄዱ

ቲያሙሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ ለመተንፈሻ በሽታ እየሰጡ ከሆነ መኖው ውስጥ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን ወይም ናራሲን አለመኖሩን ከመኖ ሻጩ ያረጋግጡ። ሁለቱ ከተገናኙ ወፎቹ ሽባ ሆነው ይሞታሉ። እነዚሁ የመኖ ፀረ-ኮክሲዲያዎች ለጅግራም ጠባብ ልክ አላቸው፤ ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀን መኖ ሳይጠይቁ አይስጡ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ግቢው ውስጥ አህያ፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ካለ ነው፦ ትንሽ ሞኔንሲን ልባቸውን ያቆማል። የተረፈውን የወፍ መኖ ለአህያ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ስለሆነ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ።

ኦክሲቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። በሕክምናው ቀናት ለቅርፊት ብለው ለብቻው ያስቀመጡትን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያንሡ፤ ውኃው ኖራ የበዛበት ከሆነም የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ። ለሰው የተሠራ ሜትሮኒዳዞል ለጥቁር ራስ በሽታ ይሠራል ተብሎ ይነገራል፤ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ለሰው ምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ የተከለከለ ነውና አይንኩት።

እንቁላሉና ሥጋው

የድርጭት እንቁላልን ብዙ ሰው የሚገዛው ለሕፃን ወይም ለታማሚ ብሎ ነው። ይህን ማሰብ መድኃኒት የያዘ እንቁላል ላለመሸጥ በቂ ምክንያት ነው። ሕክምና በተጀመረበት ቀን በጎጆው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ የመጨረሻውን መጠን የሚሰጡበትን ቀን፣ ሽያጭ የሚፈቀድበትን ቀን። የመቆያው ቀን (መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ እንቁላልና ሥጋ የማይሸጥበት ጊዜ) የሚቆጠረው ከመጨረሻው መጠን ነው፣ ከመጀመሪያው አይደለም። መለያው ለዶሮ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ከዚያ ማሳጠር ፈጽሞ አይቻልም፤ ምን ያህል ማርዘም እንዳለብዎ ሐኪሙ ይንገርዎ። እስከዚያ የሚጣለውን እንቁላል ይቅበሩ፤ ለውሻ ወይም ለአሳማ አይስጡ።

ሞት ሲበዛ

በአንድ ቀን ከወትሮው የበለጠ ብዙ ወፍ ከሞተ ራስዎ አይክፈቱ፣ ምንም ፀረ-ባክቴሪያም አይጀምሩ። መሸጥና ማዘዋወር ያቁሙ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ይንገሩ። 2 ወይም 3 አዲስ የሞቱ ወፎችን በድርብ ላስቲክ አሽገው በበረዶ ሳጥን ያቀዝቅዙ፤ ከተቻለ 2 በሕይወት ያሉ ታማሚዎችንም ለብቻቸው አብረው ይላኩ። እንዲረጋ በፍሪዘር አይክተቱ፤ የረጋ ሥጋ ሲቀልጥ ቁስሉን ማንበብ አይቻልም። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ እንደ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳርና አሰላ ያሉ የክልል ላቦራቶሪዎች ይመረምራሉ። ከናሙናው ጋር የመንጋውን ብዛትና ዕድሜ፣ የሞቱትን በየቀኑ፣ የተሰጠ ክትባትና መድኃኒት፣ የውኃውን መዝገብ ጽፈው ይላኩ።

የቀሩትን ሬሳዎች ከጉድጓድ ውኃ ርቆ 1 ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ኖራ ነስንሰው ይቅበሩ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማውጣት፣ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፀረ-ተዋስያን። ኩስ ላይ የተረጨ በረኪና ኃይሉን ኩሱ ይጨርሰዋል። ወለሉንና የግድግዳውን ሥር በፈላ ውኃ ወይም በጋዝ ችቦ ያዳርሱ፤ ይህ ለኮክሲዲያው ነው። ከደረቀ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት ባዶ ይተዉትና፣ አዲሶቹን ጫጩቶች ከማስገባትዎ በፊት መጠጫዎቹን አንድ በአንድ ሞልተው የሚያፈስሰውን ይለዩ።